ሰጋቱራና ኮላ

«ሰብሮት ቁጭ ብሏል። ሽማግሌና ኤሌክትሪክ አብረው አይሄዱም ብዬ ነበር፤ ማን ሰማኝ?»

ድምፁ የታላቅ ወንድሟ ነው። እሱ በረንዳ ላይ የጫማውን ክር እያሰረ ለእናታቸው ይናገራል፤ እሷ ኩሽና ውስጥ የቁርሱን ብርጭቆ ታጥባለች፤ መሀላቸው ያለው አንድ የማይዘጋ መስኮት ብቻ ነው። ማሽኑን ለአሮጌ ዕቃ ነጋዴ እንደሚሰጠው፣ አባታቸው የሚሠሩበትን የግቢውን ክፍል ደግሞ እንደሚያከራየው፣ ተከራይም እንዳላጣ፣ ሲጨርስም «አባዬ ከእንግዲህ ፀሐይ እየሞቀ ይረፍ» ሲል ሰማችው። እናትየው እንደ ወትሯቸው «እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» ብለው ዝም አሉ። እኚህ ሴት ለባላቸውም፣ ለልጃቸውም፣ ለጎረቤቱም «አንተ ታውቃለህ» እያሉ እዚህ ዕድሜ የደረሱ ሰው ናቸው። አባትየው በግቢው ማዶ፣ በሥራ ክፍላቸው ውስጥ፣ ወለሉን እየጠረጉ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ክፍሉ በላያቸው ላይ ሲከራይ የሰሙት ነገር ያለ አይመስልም ነበር።

ደሟ ፈላ። እጇን እንኳ ሳታደርቅ በረንዳው ላይ ወጣች።

«አባዬ አይደለም የሰበረው» አለችው።

«ታዲያ ራሱን በራሱ ሰበረ?»

«ቦርዱ ነው። ቦርድ ይሞታል፣ ጋሼ። እኔ በየቀኑ የሞተ ቦርድ ነው የማየው።»

ወንድሟ የሚሠራው መድን ድርጅት ውስጥ ነው። ሁለት መኪና ሲጋጭ ሄዶ ጥፋቱ የማን እንደሆነ መለየት ሥራው ስለሆነ፣ ቤትም ውስጥ ብርጭቆ ሲወድቅ ከስባሪው በፊት ጥፋተኛውን የሚፈልግ ሰው ነው። ክፉ አይደለም። የቤቱ ወጪ፣ የአባቱ መድኃኒት፣ የመብራቱ ክፍያ ሳይቀር በእሱ ትከሻ ላይ ነው፤ ትከሻው እንዳለ ግን ሰው እንዲረሳበት አይፈልግም። ቀና ብሎ አያትና «እሺ፣ እንደ መሥሪያ ቤቴ እናድርገው» አላት። «ዛሬ እረፍትሽ አይደል? እስከ ማታ የጥፋቱን ባለቤት አሳዪኝ። ቦርዱ በራሱ የሞተ ከሆነ አዲሱን ከኪሴ እገዛለሁ፤ ክፍሉም የአባዬ ሆኖ ይቀጥላል። አባዬ ከሆነ ግን ስለ ክፍሉ ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ።» ይህን ብሎ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወጣ።

እሷ የቤት ስሟ «ፈቺዋ» ነው። ልጅ ሳለች ሬዲዮ፣ ሰዓት፣ የበር ቁልፍ፣ ያገኘችውን ሁሉ ስለምትፈታ የወጣላት ስም ነው፤ አድጋ ባሏን ስትፈታ ደግሞ ዘመድ ሁሉ «ድሮም ተብሏል» አለና ስሙ ጸደቀላት። ያኔ ወደ ወላጆቿ ቤት ተመለሰች፤ ቀን ቀን ስልክና ቴሌቪዥን በሚጠገንበት ሱቅ ትሠራለች። ሱቁ ውስጥ ሌሎቹ «ይሄ አበቃለት» ብለው የገፉት ዕቃ የሚገፋው ወደ እሷ ጠረጴዛ ነው። በዚህ ትኮራለች፤ ሙያ በልብ ነው ብላ አፏን ትይዛለች እንጂ፣ ልቧስ ያውቀዋል።

የአባቷ የሥራ ክፍል ከግቢው በር አጠገብ ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው በመጋዝና በመላጊያ ተሸፍኗል፤ መሮዎቹ ከትልቅ ወደ ትንሽ ተሰልፈው በቆዳ ማሰሪያ ላይ ተሰክተዋል። አባትየው አናጢ ናቸው። በከተማው ውስጥ የእሳቸው ቁም ሣጥን፣ የእሳቸው በር፣ የእሳቸው የተቀረጸ ሰሌዳ ያልገባበት ሰፈር ጥቂት ነው፤ ከሁሉም ዕቃቸው ጀርባ ላይ ሦስት ቅጠል ያላት ትንሽ ቀንበጥ ይቀርጹ ነበር፤ ፊርማቸው እሷ ናት። እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ልጅየው ይህን ማሽን ገዝቶ አመጣላቸው። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ መቅረጫ ነው፤ ሦስት ሞተሮች አንዲት ስል መርፌ ይዘው ግራና ቀኝ፣ ፊትና ኋላ፣ ላይና ታች ያንቀሳቅሷታል፤ ከኮምፒውተሩ የተላከላቸውን ፊደል እንጨት ላይ ይጽፋሉ። አባትየው «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ተቀበሉ። ልጅየው በየእረፍቱ ቀን ኮምፒውተሩን ያዘጋጃል፣ ደንበኛም ያመጣል፤ አባትየው እንጨቱን አስረው አንዲት ቁልፍ ይጫናሉ፣ ከዚያ ቆመው ያያሉ። ሥራው ይኸው ነበር፤ ባለፈው ሳምንት መብራቱ እየበራ ማሽኑ አልንቀሳቀስ እስኪል ድረስ።

ቦርዱን በካቻቢቴ ፈትታ አወጣችው። የእጅ መዳፍ የምታክል አረንጓዴ ሰሌዳ ናት። የተቃጠለ ነገር አይሸትባትም። መሀሏ ላይ አንድ ትልቅ ቺፕ፣ በአንድ ጠርዝ ደግሞ ሦስት ትንንሾች አሉ፤ የሁሉም ቁጥር በፋብሪካው ውስጥ ተፍቋል። እነዚህ ሰዎች ሥራቸውን ሌላ እንዳይቀዳባቸው ሲፈሩ የቺፑን ስም ይፍቁታል፤ ይህን የመሰለ ፊት የሌለው ቦርድ አጋጥሟት ያውቃል። የመስመሮቹ ሥዕል አይሸጥም፤ ማሽኑ በቆመ ሰሞን ለፋብሪካው ጽፋ ነበር፤ ቄሱም ዝም መጽሐፉም ዝም ሆነ። ስለዚህ የቀረው አንድ መንገድ ነው፦ እያንዳንዱን የመዳብ መስመር ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ እየተከተሉ ሥዕሉን ራስን ችሎ መሥራት። ትልቅ ወረቀት ዘረጋች፣ ባለቀለም እርሳሶቿን አወጣች፣ ቴስተሯን አበራች። የቴስተሩን ሁለት መርፌዎች በአንድ መስመር ሁለት ጫፍ ስታሳርፍ፣ መስመሩ ጤነኛ ከሆነ ቴስተሩ «ጢጥ» ይላል። ካልሆነ ዝም ነው።

አባትየው ጥግ ላይ በዱካቸው ተቀምጠው አንዲት የወንበር እግር በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጋሉ። ወንበር የሚባል ነገር በክፍሉ ውስጥ እየተሠራ አይደለም። ቴስተሩ «ጢጥ» ባለ ቁጥር ቀና ይላሉ፣ ከዚያ ተመልሰው ይፈትጋሉ።  እናትየው ሻይና ዳቦ ይዘው ገቡ፣ ሽንኩርት እንደገና እንደጨመረ፣ ሻጩም አይኑን በጨው አጥቦ «ነገም ይጨምራል» እንዳላቸው ተናገሩ፤ ወረቀቱን አይተው «ይሄ ሁሉ መንገድ በዚያች ትንሽ ነገር ውስጥ ነው?» ብለው ወጡ። እውነትም ወረቀቱ ላይ ከተማ እየተሠራ ነበር፤ ቀዩ የኤሌክትሪክ መግቢያ፣ ሰማያዊው ከኮምፒውተሩ የሚመጣው፣ አረንጓዴው ወደ ሞተሮቹ የሚሄደው።

«ካልሆነ ተዪው፣ ልጄ» አሉ አባቷ።

«ገና ነው፣ አባዬ።»

ቀስ በቀስ ነገሩ ይገለጥላት ጀመር። ትልቁ ቺፕ ጭንቅላት ነው፤ ያዛል። ሦስቱ ትንንሾች ክንዶች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው አንድ ሞተር ያዞራሉ። ክንዶቹን አንድ በአንድ ፈተነቻቸው፤ ሦስቱም ደህና ናቸው። ጭንቅላቱንም ፈተነችው፤ እሱም ትእዛዙን ይልካል። ታዲያ አዛዡም ጤነኛ፣ ታዛዡም ጤነኛ ሆኖ ሥራ የቆመው በምንድን ነው? ሞተሮቹ ሦስቱም በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት ለቀዋል፤ ዘንጋቸውን በጣቷ ስታዞረው እንደ ዋዛ ይዞራል፤ ጤነኛ ቢሆኑ አጥብቀው ይይዙ ነበር። ሦስቱ አብረው ከለቀቁ ሦስቱ አብረው የሚሰሙት ነገር መኖር አለበት ብላ አሰበች። ፈለገችና አገኘችው፤ ከጭንቅላቱ አንድ እግር የሚነሳ፣ «ያዙ» የሚል አንድ ትእዛዝ ብቻ የሚሸከም፣ መሀል መንገድ ላይ ለሦስት የሚከፈል ቀጭን መስመር። ደስታው እንደ ልጅነቷ ነበር፤ ሻዩ መቀዝቀዙን እንኳ ያወቀችው በኋላ ነው።

«ደከመሽ አይደል? ተዪው ግድ የለም» አሉ አባቷ ደግመው። አንጀቷን በሉት። በወንድሟ ፊት እንዲህ አንገታቸውን ደፍተው መቀመጣቸው፣ ያላጠፉትን ጥፋት መሸከማቸው አንገበገባት። «ዛሬ ማታ ጋሼ ራሱ ይቅርታ ይጠይቅሃል፣ ታያለህ» አለቻቸው። 

የቴስተሩን አንድ መርፌ በጭንቅላቱ እግር ላይ፣ ሌላውን በመጀመሪያው ክንድ ላይ አደረገች። ዝም። በሁለተኛው፣ በሦስተኛው፤ ዝም። መስመሩ የሆነ ቦታ ላይ ተቋርጧል። እየተከተለችው ሄደች፤ መስመሩ ጣሳ በመሰለ አንድ ጥቁር ኮንደንሰር ጥላ ሥር ያልፋል። እዚያ ጋ ነጠብጣብ የምታክል ቡናማ እድፍ አለች። የቃጠሎ ምልክት መስሏት ደስ አላት፤ ቃጠሎ ከሆነ ቦርዱ በራሱ የሞተ ነው፣ አባቷም ነጻ ናቸው። በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ አሸችው፤ አልለቀቀም። ሰዓት ሠሪዎች የሚጠቀሙበትን ማጉያ ዓይኗ ላይ አድርጋ በመርፌ ጫር ስታደርገው ፍርፋሪ ሆኖ ተነሳ። በጣቷ ጫፍ አንስታ አሸተተችው።

ሰጋቱራና ኮላ ነው።

ይህን ሽታ ለማወቅ ቴስተር አያስፈልጋትም። በዚህ ቤት ውስጥ ያደገ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ አናጢ ሚስማር የተሳሳተበትን ቀዳዳ፣ እንጨት የተሰነጠቀበትን ስፍራ የሚደፍነው ከዚያው እንጨት በወጣ ሰጋቱራ ነው፤ በኮላ ለውሶ ይሞላዋል፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ያስተካክለዋል፣ ከዚያ በኋላ ባለቤቱ እንኳ አያገኘውም። ፍርፋሪውን ጨርሳ አነሳችው። ሥሩ መዳቡ ተቆርጧል፤ በአንድ ወገን ቀጥ ያለ፣ በሌላው ወገን ዘመም ያለ፣ በመሮ የተቆረጠ ንጹሕ ቁርጥ። ከጎኑ ሁለት ሦስት ቀጫጭን ጭረቶች አሉ፤ እጁ እየተንቀጠቀጠ አልሞ የሳተባቸው ናቸው።

ማጉያውን ከዓይኗ ላይ አወረደች። መጀመሪያ የተሰማት ንዴት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ጠበቃ ሆና የቆመችለት ሰው ራሱ ጥፋተኛው ሆኖ፣ ሦስት ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጦ የወንበር እግር ይፈትጋል። ከዚያ አፈረች፤ ለማን እንዳፈረች ግን አላወቀችም። ቦርዱን ይዛ ሄዳ በአባቷ ጉልበት ላይ አስቀመጠችው፣ ማጉያውንም ሰጠቻቸው። ብዙ ጊዜ ወስደው አዩ።

«ይዞ ነበር እንዴ ኮላው?» አሉ በመጨረሻ።

«ይዞ ነበር። ለምን ደፈንከው፣ አባዬ?»

«የተቆረጠ ነገር ክፍት ትቼ እንዴት እሄዳለሁ?»

«ይሄንንስ መስመር በምን መረጥከው?»

«ቀጭኑ እሱ ነው። ወፍራሞቹ እሳት ያመጣሉ ብዬ ፈራሁ።»

ሳቋ መጣ፣ ዋጠችው። ለምን እንደቆረጡት ስትጠይቅ ግን ሽማግሌው ተነስተው ከመደርደሪያው አንድ የተጠናቀቀ ሰሌዳ አወረዱና ገልብጠው ሰጧት። በጀርባው ላይ ቀንበጧ አለች፤ ሦስቱ ቅጠሎች፣ የግንዷ ጎበጥ ማለት ሳይቀር። እሷ ቀንበጧ ለማስታወሻ የተደረገች ይመስላት ነበር። አባቷ ነገሩን ቀስ ብለው አስረዷት፤ ልጅየው ቀንበጧን ከድሮ ሥራ ላይ ፎቶ አንስቶ ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገብቷታል፤ ለደንበኛው ደግሞ «አባቴ በእጁ የቀረጸው ነው» እያለ ይሸጣል፤ ዋጋውም ለዚህ ነው ከፍ ያለው። መጀመሪያ ቅር ቢላቸውም ዋጥ አደረጉት። ከዚያ አንድ ቀን ለሟች እናቷ መታሰቢያ ሰሌዳ ያሠራች ሴት እዚሁ ክፍል ድረስ መጣች፤ ልጅየው ሥራ ላይ ነበር።

«እጄን ሳመችው» አሉ። «እያለቀሰች። ይሄን የሚንቀጠቀጥ እጅ አይታ፣ ‹በዚህ እጅ ለእናቴ ይህን ሁሉ ደከሙ?› ብላ ሳመችው። ‹አልደከምኩም› ማለት አቃተኝ። በነጋታው ቆረጥኩት።»

«ለጋሼ አትነግረውም ነበር?»

«ልጄን ውሸታም ከምለው እኔ የማይረባ ሽማግሌ ልባል። ሆድ ይፍጀው፤ አንቺም ተዪው።»

ተመልሳ ወረቀቷ ፊት ተቀመጠች። ቁርጡን የምታገናኝ አንዲት የፀጉር ያህል ሽቦ አዘጋጅታ አጠገቧ አኖረች፤ መበየጃዋን ግን አላጋለችም። እውነቱን ብትናገር አባቷ ክፍላቸውን ያጣሉ፤ ክፍሉን ያጣ አናጢ ምን ሆኖ እንደሚውል ደግሞ ከጎረቤት አይታለች፤ በር በሩን ሲያይ ይውላል። «ቦርዱ በራሱ ሞተ» ብትል አዲስ ቦርድ ይመጣል፣ ክፍሉ ይተርፋል፣ ቀንበጧም እንደገና መታተም ትጀምራለች። ቢያንስ ክፍሉ ይትረፍ ብላ ወሰነች። ውሸቱን በልቧ እንደ ትምህርት ቤት ግጥም ደጋግማ አጠናችው፤ «ኃይል በዝቶበት አንዱ ክፍል ተቃጥሏል፣ የማንም ጥፋት አይደለም»። በሙያዋ ዋሽታ አታውቅም፤ ዓረፍተ ነገሩ አፏ ውስጥ የሰው ጥርስ ሆነባት።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ሲል ወንድሟ ገባ፤ በአንድ ብብቱ፣ ማሽኑ ምናልባት ከተነሳ ብሎ፣ ያልተቀረጹ ሰሌዳዎች የሞሉበት ካርቶን፣ በሌላው እጁ ከመድኃኒት ቤት የመጣ ነጭ ከረጢት ይዟል። አንድ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ለክፍሎቹ ሁሉ የበር ሰሌዳ አዝዟል፤ ግማሹን ወስዷል፣ ግማሹ ይቀራል። እናትየውም ድምፁን ሰምተው በሩ ላይ ቆሙ። ከረጢቱን በአባቱ አጠገብ አስቀምጦ ወደ እሷ ዞረ።

«እሺ ፈቺዋ፤ ጥፋቱ የማን ሆነ?»

«ኃይል በዝቶበት…» ብላ ጀመረች።

«ተዪ፣ ልጄ» አሉ አባቷ። ድምፃቸው ከፍ ያለ አልነበረም። «በእጅሽ ያገኘሽውን በአፍሽ አታበላሺው። እኔ ነኝ። በመሮ ቆረጥኩት።»

ወንድሟ ሳቀ። ሽማግሌው የሚቀልዱ መስሎት ነው። እሷ ቦርዱንና ማጉያውን ስትዘረጋለት ግን ጎንበስ ብሎ አየ፤ ፍርፋሪውን በጥፍሩ ነክቶ አሸተተው። እሱም የዚህ ቤት ልጅ ነው፤ ከእሷ በፊት በዚሁ ክፍል ውስጥ ሰጋቱራ በኮላ እየለወሰ የመሳቢያ ቀዳዳ ይደፍን የነበረው እሱ ነው። ሳቁ ከፊቱ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ። አባቱ ሰሌዳውን ገልብጠው ቀንበጧን በአውራ ጣታቸው ነኩ።

«ይቺን እኔ አልቀረጽኳትም» አሉ።

«ሰው የሚገዛው እኮ ስምህን ነው፣ አባዬ። ያለ ስምህ እንጨት ነው። ይሄ መድኃኒት በምን የሚገዛ ይመስልሃል?»

«እሱን እያሰብኩ ነዋ ዝም ያልኩት። መድኃኒት ይዞ ለሚገባ ልጅ ምን ይባላል?»

 ወንድሟ የሰው ጥፋት ሲያገኝ የሚያደርገውን ሁሉ ለማድረግ የተዘጋጀ ይመስል ነበር፤ አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከረጢቱን አየ። ያኔ፣ ማንም ያልጠበቀው፣ እናትየው ከበሩ ላይ ተናገሩ። «ሌሊት አይተኛም» አሉ ለልጃቸው። «አባትህ። ያቺ ሴት ከመጣች ጀምሮ አይተኛም።» ዛሬ «አንተ ታውቃለህ» አልጨመሩበትም።

«ይጠገናል?» ብሎ ወንድሟ ጠየቀ፤ ፊቱን ወደ እሷ አላዞረም።

«አንዲት ሽቦ ናት» አለችው።

«ማሽኑን አልጠላሁትም» አሉ ሽማግሌው። «ጎበዝ ነው፣ ከእኔ ይልቅ ቀጥ አድርጎ ይጽፋል። ቀንበጧ ከውስጡ ትውጣና ቀጥዪው። የማሽን ሥራ ነው ብላችሁ በማሽን ዋጋ ሽጡት።»

«ግማሹ ደንበኛ ይሄዳል፣ አባዬ።»

«ይሂዳ። ከቸገረህ ክፍሉን አከራየው፤ ሰምቻለሁ፣ ተከራይ አለህ አሉ። ስሜን ግን አታከራየው።»

ወንድሟ ደንግጦ እናቱን አየ፤ እናትየው መሬት መሬት አዩ። ጠዋት ወለል ሲጠርጉ የነበሩት ሰው ያልሰሙት ነገር እንዳልነበረ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባቸው። እሷም አሁን አወቀች፤ አባቷ ክፍላቸው እንደሚሄድ እያወቁ ነው ቀኑን ሙሉ «ተዪው» ሲሏት የዋሉት። ፊቷን ወደ ወረቀቱ መለሰች።

ወንድሟ ካርቶኑን መሬት ላይ አኖረው። ስልኩን ከኪሱ አወጣ፣ ወደ ግቢው ሊወጣ አንድ እግሩን አነሳና ተመልሶ እዚያው፣ በመላጊያዎቹ መሀል ቆመ። የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ቶሎ አነሳ። ወንድሟ ጤንነቱን ጠየቀ፣ ቤተሰቡን ጠየቀ፣ ሥራ እንዴት ነው አለ፤ አንድ ሰው ሊናገር የማይፈልገውን ነገር ይዞ የሚጠይቀውን ሁሉ ጠየቀ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ስለ በር ሰሌዳዎቹ ነበር» አለ። «አባቴ የቀረጻቸው አይደሉም። በማሽን ነው የተሠሩት። የወሰድካቸውም፣ የቀሩትም።»

ከስልኩ ወዲያ ለረጅም ጊዜ ድምፅ ጠፋ። ወንድሟ ስልኩን ከጆሮው አላነሳም፤ ግንባሩ ላብ አውጥቷል።

«ድገምለት» አሉ ሽማግሌው። «አልሰማህም ይሆናል።»